ሜዲኬር የኮሎኖስኮፒ ክፍያ መቀነሱ ማንን ጎዳ?

ጥያቄ አንሺ፦ እስቲ እንከራከርበት። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ለእያንዳንዱ የሐኪም ሥራ ነጥብ ሰጥቶ በማባዣ እያባዛ ነው የሚከፍለው። ማባዣው፣ ኮንቨርሽን ፋክተር የሚሉት፣ በፈረንጆቹ 2020 36.09 ዶላር ነበር፣ 2025 ላይ 32.35 ወረደ። የኑሮ ውድነቱን እናንተ ጨምሩበት። ኮሎኖስኮፒና የጨጓራ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀትና ጨጓራ ማየት) የሚሠሩት ሐኪሞች አላዋጣንም እያሉ ነው። እውነት አላቸው?

አልታለልም፦ ሀብታም አለቀሰ ብዬ አብሬ አላለቅስም 😂 የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ደሞ ማባዣው 2026 ላይ ወደ 33.40 ከፍ ብሏል እኮ

ኢንዶ ነርስ፦ 20 ደቂቃ ያልከው ስኮፑ (ቱቦው) ገብቶ እስኪወጣ ነው ወንድሜ። እኔ እዛው ክፍል ነው የምውለው፣ አንጀቱ በደንብ ሳይጸዳ የሚመጣ አለ፣ ውሃ እየረጨን እየመጠጥን ነው የሚታየው፣ ሲያልቅ ደግሞ የስኮፑ ቀዳዳ በብሩሽ በእጅ ይታጠባል ከዛ ማሽን ይገባል ከዛ ይደርቃል። 33.40 ላልከው፣ በዛው ዓመት እኮ "ሥራው ፈጥኗል" ተብሎ ለኢንዶስኮፒ ሥራ ከሚሰጠው ነጥብ 2.5 ፐርሰንት ተቆርጧል

ቢሊንግ ላይ ነኝ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ነው ያያችሁት። ክፍያው ለሐኪሙም ለቦታውም ለየብቻ ነው። የሆስፒታሉ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል፣ የሐኪሙ አይስተካከልም፣ ከሐኪም ሥራዎች ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው ነው የሚቀነሰው (2021 ላይ የቢሮ ቪዚት ሲጨመር ማባዣው የወረደው ለዚህ ነው)። ያው ሐኪም ያው ስኮፕ ሆስፒታል ሲሆን ሜዲኬር ለቦታው ከሰርጀሪ ሴንተር (ታካሚው ሳያድር ከሚታከምበት ማዕከል) የበለጠ ይከፍላል። ታዲያ ሐኪሙ ክሊኒኩን ዘግቶ ሆስፒታል ቢቀጠር ምኑ ይገርማል፣ ቁጠባውስ የታለ?

የአባቷ ልጅ፦ ታካሚውን ረሳችሁት። አባቴን 2025 ላይ ለኮሎኖስኮፒ ነፃ ነው ብዬ ወሰድኩት፣ የአንጀት ማጽጃውን እየጠጣ ሌሊቱን ሽንት ቤት ነው ያደረው፣ ፖሊፕ (ካንሰር ሊሆን የሚችል ትንሽ እብጠት) አግኝተው ቆረጡለት፣ ከሳምንታት በኋላ ቢል መጣ። "ነፃ ብለሽኝ አልነበር?" አለኝ፣ የምለው ጠፋኝ

ቢሊንግ ላይ ነኝ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ስህተት አይደለም። የካንሰር ቅድመ ምርመራው ነፃ ነው፣ ፖሊፕ ከተቆረጠ ግን 15 ፐርሰንት ታካሚው ላይ ነው። እስከ 2022 20 ነበር፣ 2027 ላይ 10 ይሆናል፣ 2030 ላይ ይቀራል

አልታለልም፦ ይሄኛው ግን ያናድዳል። ካንሰር ሳይሆን ስለተያዘ ይቀጣል እንዴ? ሐኪሞቹ ላይ ያልኩት እንዳለ ሆኖ

የአባቷ ልጅ፦ ከ3 ዓመት በኋላ ተመለስ ተብሏል። እሱ ግን 2030ን እጠብቃለሁ እያለኝ ነው