የጣና ነጭ አሳ ማርከር (የዘረመል መለያ) ጥናት ዕቅድ፦ ረቂቁ ዓርብ ይዘጋል (የአጥኚዎቹ ቡድን መልእክቶች፤ አባላቱ በሥራቸው ወይም ባሉበት ቦታ ተጠርተዋል)

ገንዘብ ያዥ፦ የቀረው የናሙናው ክፍል ነው። አሳው ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚወጣው በክረምቱ ነው፤ መስከረም ካለፈብን አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ገንዘቡም ይመለሳል።

ላብራቶሪ፦ ማይክሮሳቴላይቱን (ለመለያ የምንጠቀምበትን ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ቁራጭ) ደግማችሁ እዩት። ላቤዮባርበስ፣ ማለት ነጭ አሳው፣ ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም ስድስት ቅጂ አለው፣ ክሮሞሶሙ 150 ገደማ ነው። ሁለት ሁለት ቅጂ ብቻ ያለው የቀረሶ ስሌት አይሠራለትም። በአንድ የዲኤንኤ ቦታ እስከ ስድስት አሌል (የተለያየ መልክ) ይወጣል፤ የትኛው ስንቴ እንደተደገመ ካላወቅን የጉማራውን ከርቡ ለየን ማለት አንችልም።

ጎርጎራ፦ እኔ ርእሱ አልተዋጠልኝም። «15 ዝርያዎች» ይላል። ዝርያ እኮ እንደ ቦረና፣ እንደ ሆሮ የአንድ ከብት ልዩ ልዩ ዘር ነው። አንባቢው አንድ አሳ ይመስለዋል።

አዲስ አበባ፦ ከተማሪነታችን ጀምሮ ዝርያ ነው የምንለው። ይለፍ።

ጎርጎራ፦ አይለፍም። የአሳ ተመራማሪው ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ሁሉንም አንድ አድርጎ ጨፈለቃቸው። ናግልከርክና ሲቢንግ መልሰው እስኪለዩዋቸው ስንት ተለፋ! ቃሉን ካላላን ወደዚያው ነው።

አዲስ አበባ፦ ያለፈውንም ዕቅድ «ባሕር» ይባል «ሐይቅ» በሚል ክርክር ያስቀረኸው አንተ ነህ።

ጎርጎራ፦ ያን ዓመት ጀልባ የተከራየሁት በኪሴ ነው። ደግመህ እንዳታነሣብኝ።

ላብራቶሪ፦ የቅጂውን ጥያቄ ማንም አልመለሰም።

ወረታ፦ «ዝርያ» ይቅር፣ «ዓይነት» በሉት።

አዲስ አበባ፦ ጭራሽ ባሰ! ዓይነት ምኑን ይለያል?

ነባር አባል፦ ልጆች፣ ተዉ። ዝርያ ይሁን፤ ሳይንሳዊ ስማቸው ከነአስጋሪዎቹ ስም በሰንጠረዥ ይግባ።

ጎርጎራ፦ ጋሼ ካሉ እሺ። የአስጋሪዎቹን ስም እኔ እሰበስባለሁ። ቅድም ለተናገርኩት ይቅርታ።

አዲስ አበባ፦ እኔም አብዝቻለሁ። ሰንጠረዡ ግን ራሱን ችሎ ቢታተም ጥሩ ነው።

ወረታ፦ ለወደብ ለወደቡ ይታደል። ፎቶም ይኑረው።

ገንዘብ ያዥ፦ የማተሚያው ከየት ይምጣ? የርብን ናሙና እንሰበስባለን ያላችሁት ሁለታችሁ የት አላችሁ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ርብ ከዕቅዱ ወጣ፤ የመኪናው ሒሳብ ለኅትመቱ ዞሯል። ርእሱ «የጣና ነጭ አሳ ስሞች መዝገብና የዘረመል ቅድመ ጥናት» ሆኗል።

ላብራቶሪ፦ ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ናሙናው ቀድሞ መወሰድ የነበረበት ከእሱ ነው። በጉማራ ብቻ ምን ከምን ልለይ?

ጎርጎራ፦ ሰንጠረዡን በላቲን ፊደል ነው በግእዝ?

ላብራቶሪ፦ ቢያንስ ለዲኤንኤ የሚወሰደውን የአሳ ክንፍ ቁራጭ ማቆያ አልኮሉን አትሰርዙት። ጉማራ ብቻዬን እወርዳለሁ።