ክርክር፦ ልቦለድን ለወኪል ለማቅረብ መክፈል ተገቢ ነው?

አወያይ፦ አንዳንድ የደራሲያን ጉባኤዎች የደራሲን ረቂቅ ለአሳታሚ ከሚሸጥ የሥነ ጽሑፍ ወኪል ጋር ፊት ለፊት ለመቀመጥ ያስከፍላሉ። የሚገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ጀማሪ ደራሲ ገንዘቡን ያውጣ ወይስ ይቅርበት? ስድብ ክልክል ነው።

ባለረቂቁ፦ ይቅርበት። ወኪል የሚበላው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ የተለመደው ድርሻ ደራሲው ከሚያገኘው 15 በመቶ ነው፤ ለትርጉምና ለውጭ አገር መብት 20 በመቶ ይደርሳል። ካልሸጠ ባዶ እጁን ይቀራል። እኔም የማምነው ለዚህ ነው። አስቀድሜ ከከፈልኩትማ የእኔ መሸጥ አለመሸጥ ምን ያገባዋል? ደግሞ ያው ሰው ልቦለዴን የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ብልክለት በነጻ ያነበዋል።

ቀለሟ፦ ያነበዋል? ስንቱ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለው! መልስ ካልሰጠን አልፈለግነውም ማለት ነው ብለው አስቀድመው የሚያስታውቁም አሉ። እኔ ከፍዬ ገብቻለሁ፣ አልቆጨኝም። ወኪሏ ረቂቁን አልወሰደችውም። ግን ታሪኩን ስነግራት የቱ ጋ እንደነቃች፣ የቱ ጋ እንደሰለቻት ፊቷ ላይ አየሁት። «ባለታሪክሽ ምን ትፈልጋለች? ካላገኘችውስ ምን ታጣለች?» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፍኩት።

ባለረቂቁ፦ ይሄንን ጎበዝ አንባቢ ጓደኛም ይጠይቅሻል። ያውም በነጻ።

ቀለሟ፦ ጓደኛ ይሉኝታ ይይዘዋል።

አሮጌው አርታኢ፦ ልጆች፣ ሁለት ነገር አትደባልቁ። «ረቂቅህን እንዳነብልህ ክፈል» የሚል ወኪል ካጋጠማችሁ ሽሹ። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበር አባላቱን የንባብ ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። ጉባኤ ግን አዳራሽ አለው፣ አዘጋጅ አለው፣ ወጪ አለው። ክፍያው በራሱ ሌብነት አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰው ከፍሎ ይገባና ልቦለዱ ገና አላለቀም! ኢልቦለድ መጽሐፍ በዕቅድና በናሙና ምዕራፍ ሊሸጥ ይችላል። የጀማሪ ልቦለድ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ተጽፎ፣ ታርሞ ነው የሚቀርበው። «ላክልኝ» ያለን ወኪል ምን ብላችሁ ልታስጠብቁት ነው? አንድ ገጽ ደብዳቤ ይኑራችሁ። የታሪኩ ጭምቅ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ይዘጋጅ፤ መጨረሻውም ይነገር፣ ለወኪል ምስጢር አይደበቅም። የቃሉን ብዛት እወቁ። ለአዋቂዎች ልቦለድ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ብዙዎቹን አያስደነግጥም። በቅርብ ዓመታት ከወጡ መጻሕፍት ከእናንተው ጋር መደርደሪያ የሚጋሩ ሁለት ጥቀሱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ተናገሩና ዝም በሉ። የቀረው ጊዜ የጥያቄ ነው። ብዙ ሰው አሥሩንም ደቂቃ የገጸ ባህሪውን አያት የዘር ሐረግ ሲቆጥር ይጨርሰዋል።

ዝምተኛው፦ ጋሼ፣ እኔ የምጽፈው መናገር ስለማይሆንልኝ ነው። እዚያ ወንበር ላይ አፈ ጮሌው ይቀድመኛል። ልቦለድ ደግሞ በአፍ አይመዘንም።

ቀለሟ፦ ጽፈህ ይዘህ ግባና አንብብ። ማን ይከለክልሃል?

ዝምተኛው፦ ማንም አይከለክለኝም። ግን ሳነብማ ደብዳቤው ራሱ ሆነ፤ ለምን እከፍላለሁ?

ባለረቂቁ፦ ተናገርክ! ገንዘብ የሌለውስ? የጉባኤው መግቢያ አለ፣ ጉዞ አለ፣ ማደሪያ አለ፣ በላዩ ላይ የ10 ደቂቃው ክፍያ። በዚህ በር የሚገባው ኪሱ የሞላ ነው።

ቀለሟ፦ በቪዲዮ የሚደረግም አለ፤ ጉዞና ማደሪያ አያስወጣም። በዚያ ላይ ሌላው በር አልተዘጋም። ደብዳቤህን ላክ፣ እኔም ከፍዬ ልግባ። ምን ተጣላን?

ባለረቂቁ፦ የወኪሉ ጊዜ አንድ ነው። ለከፋይ በሰጠ ቁጥር የእኔ ደብዳቤ ይቆያል።

አሮጌው አርታኢ፦ እዚህ ላይ ልጁ እውነት አለው። ቢሆንም ወኪል ከጉባኤ ወንበር የሚሰማው «እሺ፣ ላክልኝ» ለማለት ነው። የሚወስነው ገጾቹን አንብቦ ነው። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ ለጥሩ አርታኢ ክፈል እለዋለሁ።

ቀለሟ፦ አርታኢ ምን ይላል ታዲያ! ጋሼ፣ እርስዎማ ለሙያዎ አደሉ።