በቤት ኬሚካል ተጎዳሁ ላለ ሰው ማስረጃውን ማን ያምጣ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ አጭር ነው። አንድ ሰው በቤት ማጽጃ ወይም በሌላ የቤት ውስጥ ኬሚካል ታመምኩ ብሎ ካሳ ጠየቀ እንበል። ሕመሙ ከዚያ ዕቃ መምጣቱን እሱ ያስረዳ? ወይስ አምራቹ አለመምጣቱን ያስረዳ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመሠረቱ እንጀምር።

ኬሚስቱ፦ እኔ ልክፈተው። የከሰሰ ያስረዳ። ሳል መቶ ምክንያት አለው፤ ጉንፋን፣ ሲጋራ፣ አቧራ፣ ሻጋታ። ሽታው ስለከረፋኝ ብቻ “ይሄ ነው የጎዳኝ” ማለት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። የስዊሱ ሐኪም ፓራሴልሰስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳለው መርዝን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው። መጠኑ ሳይታወቅ ፍርድ የለም።

ጽዳት ላይ የከረመች፦ መጠኑን ማን ይለካልኛል ወንድሜ? በር ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ስፈትግ መለኪያ ይዞ የገባ ሰው አላየሁም። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አፍስሶ ሳያጥበው ወጥቷል። እኔ በላዩ በረኪና ደፋሁ። ዓይኔ ነደደ፣ ጉሮሮዬ ታነቀ፣ ደረቴ ጥርቅም አለ። ሐኪም ቤት ራጅ አነሱኝ፣ ደም ወሰዱ። “ምንም የለብሽም” ተባልኩ። ሳሉ ግን አብሮኝ ከረመ። አሠሪዬ የራጁን ወረቀት አይቶ “ይኸው ንጹሕ ነሽ” ብሎ ሸኘኝ። ከዚህ በላይ ምን ላምጣ?

የሳንባ ሐኪም፦ እህቴ፣ ያን ቀን የተፈጠረው ክሎሪን ጋዝ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋር ከሆነ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ ጋዝ ይፈጠራል። ክሎሪን እርጥብ የሆነውን የአየር ቧንቧ ግድግዳ ሲነካ እዚያው አሲድ ይሆናል። አቃጥሎ ያልፋል እንጂ ደም ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። ስለዚህ የደም ምርመራው ባዶ መሆኑ አይገርምም። ራጅም የቧንቧ መቆጣትን ብዙ ጊዜ አያሳይም።

ሕክምናው ለዚህ መመዘኛ ካወጣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጻፈ ነው፤ ሕመሙ በአጭሩ ራድስ ይባላል፤ በአንድ ጊዜ የጋዝ ጉዳት የሚመጣ አስም መሰል የቧንቧ መቆጣት ነው። ከዚያ በፊት የመተንፈሻ ችግር ያልነበረበት ሰው፣ አንድ ጊዜ ብዙ የሚያቃጥል ጋዝ ወይም ጭስ ይስባል። ምልክቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ቢያንስ 3 ወር ይዘልቃል። ትንፋሽ የሚለካው ስፓይሮሜትሪ ወይም ቧንቧን የሚያጠብብ መድኃኒት አስተንፍሶ የሚያየው የሜታኮሊን ምርመራ ቧንቧው በቀላሉ እንደሚቆጣ ያሳያል። ሐኪሙ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት “ምን ከምን ጋር ተቀላቀለ? በሩ ዝግ ነበር? ስንት ደቂቃ ቆየሽ? መቼ ጀመረሽ?” ብሎ ነው። ንጹሕ ራጅ የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም።

አስም ያለበት፦ “ከዚያ በፊት ችግር ያልነበረበት” የምትለዋ ግን እኔን ከበር ትመልሰኛለች ዶክተር። ድሮም አስም አለብኝ። ብሶብኝ ሆስፒታል ብገባ እንኳ “የቆየ ሕመምህ ነው” እባላለሁ።

የሳንባ ሐኪም፦ ልክ ነህ። የነበረ ሕመም መባባሱ ራሱን ችሎ ጉዳት ነው፤ የሚመዘነው ግን በሌላ መንገድ ነው። የድሮው የትንፋሽ ልኬትህ ከአዲሱ ጋር ይተያያል፤ መድኃኒትህ ጨምሮ እንደሆነ ይታያል። ችግሩ የድሮ ልኬቱን ያስቀመጠ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ኬሚስቱ፦ የአንድ ቀን አደጋ ሲሆን እኔም አልከራከርም፤ ሰዓቱም ምክንያቱም ይታወቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ “ዓመታት ስረጨው ኖሬ አሁን ታመምኩ” የሚለው ነው። እሱ እንዴት ይመዘናል?

የሳንባ ሐኪም፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአውሮፓ ጥናት አለ። ከ6,000 በላይ ሰዎችን 20 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ቤታቸውን የሚያጸዱ ሴቶችም ሆኑ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩት፣ ከማያጸዱት ይልቅ የሳንባቸው አቅም ቶሎ ወርዷል።

ኬሚስቱ፦ እሱ ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው የሚናገረው። በወንዶቹ ላይ ያው ውጤት አልታየም፤ ይሄንንም ይጨምሩበት እንጂ። የአማካይ ቁጥር የእገሌን ሳንባ ማን እንደጎዳው አይነግርም።

የሕግ ባለሙያ፦ እዚህ ላይ የደቡብ ኮሪያን ነገር ላምጣ፤ የክርክራችን ልብ እዚያ ነው። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የክፍል አየር በሚያረጥብ ማሽን ውሃ ውስጥ የሚጨመር ፀረ ጀርም ይሸጥ ነበር። ማሽኑ ውሃውን ጉም አድርጎ ይረጨዋል። ልጅ የተኛበት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ። ኬሚካሉ ግን በትንፋሽ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በወጉ ሳይፈተሽ ነው ገበያ የወጣው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሴኡል ውስጥ አንድ ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮችና አራሶች መነሻው ባልታወቀ ከባድ የሳንባ ሕመም ተከታትለው ገቡ። ሐኪሞቹ ለመንግሥት አሳወቁ፤ ምርመራው ወደዚያ ፀረ ጀርም አመለከተ። ከመደርደሪያ የተነሳው ያኔ ነው፤ ከ17 ዓመት በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ምዘናው ልምጣ። አመልካቾችን በአራት ደረጃ ከፈሏቸው፦ በእርግጠኝነት፣ ሳይሆን አይቀርም፣ ሊሆን ይችላል፣ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ድጋፍ ያገኙት የላይኞቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። መለኪያው ደግሞ አንድ የተለየ የሳንባ ጠባሳ ነበር። አስም የያዘው ወይም ጠባሳው እንደዚያ ያልሆነው ሰው፣ ያንኑ ዕቃ ተጠቅሞም ከታች ቀረ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ልዩ ሕግ ወጣ፤ በ2020 ተሻሻለ። አመልካቹ ዕቃውን መጠቀሙን፣ ሕመሙ ከዚያ ወዲህ መጀመሩን ወይም መባሱን፣ በሕመሙና በኬሚካሉ መካከል በጥናት የታየ ግንኙነት መኖሩን ካሳየ፣ ምክንያቱ እሱ ነው ተብሎ ይገመታል። አይደለም ባዩ ያፍርሰው።

ኬሚስቱ፦ እዚያው አገር ለዚያው ማሽን ሌላ ዓይነት ፀረ ጀርም ኬሚካል የሸጡትን ኃላፊዎች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በነጻ እንዳሰናበተስ? ይግባኝ ሰሚው በ2024 መጀመሪያ ጥፋተኛ አላቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ዳኞቹ እንኳ ያልተስማሙበትን እዚህ በአንድ ቃል ልንጨርሰው ነው?

የሕግ ባለሙያ፦ የተሻረበትን ምክንያት ዘለልከው። የተለያየ ኬሚካል የሠሩ ኩባንያዎች እንደ አንድ የጋራ ጥፋተኛ መታየታቸው ነው የተነቀፈው። ደግሞ ያ የወንጀል ክስ ነው። ሰው እስር ቤት ለማስገባት የሚፈለገው ማስረጃና ለታመመ ሰው መታከሚያ ለመስጠት የሚፈለገው እኩል መሆን የለበትም።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ እናንተ ስለ ጠበቃ ስታወሩ እኔ ስለ ጠርሙስ ላውራ። የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ መክፈቻ ኬሚካል የጠጣ ሕፃን ይመጣል። ብዙዎቹ መክፈቻዎች ሥጋ የሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳ ያለባቸው ናቸው። አፉን ታያለህ፤ ቁስል የለም። የምግብ ቧንቧው ግን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ የአፍ ንጹሕነት አያስተማምንም። “ምን ጠጣ?” ስትል የለስላሳ ጠርሙስ ያሳዩሃል። ገልብጠው ያስቀመጡት ነው፤ ጽሑፍ የለ፣ ምልክት የለ። በመንገድ ላይ አስታውከውት የመጡም አሉ፤ ያ ደግሞ ሲወርድ ያቃጠለውን ሲወጣ እንደገና ያቃጥለዋል። ይህን ሁሉ አምራቹ ላይ ልንጭን ነው?

ጽዳት ላይ የከረመች፦ የገለበጠው ሰው ይጠየቅ። ግን ሕፃን የማይከፍተው ክዳን መሥራት የማን ሥራ ነው?

እጄ የቆሰለብኝ፦ እኔ ጋ ደግሞ ጠርሙሱ አለ፤ ጽሑፉ ነው የሌለው። እጄ በፈሳሽ ሳሙና እየተሰነጠቀ ይደማል። የቆዳ ሐኪሙ ጀርባዬ ላይ የሚለጠፍ የአለርጂ ምርመራ ሊያደርግልኝ ፈልጎ “ውስጡ ምን አለ?” አለኝ። ማሸጊያው ላይ “ሽቶ፣ መከላከያ” ይላል፤ በቃ። ሽቶ ማለት ደርዘን ነገር ሊሆን ይችላል። እንዳይበላሽ የሚጨመረው መከላከያም ብዙ ሰው የሚያሳክከው ሜቲልአይሶታያዞሊኖን ይሁን ሌላ በምን ይታወቃል?

ኬሚስቱ፦ ቀመር የንግድ ምስጢር ነው። ሁሉም ከተጻፈ ጎረቤት ፋብሪካ ነገ ይገለብጠዋል።

የሕግ ባለሙያ፦ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 የጽዳት ዕቃ አምራቾች የንጥረ ነገሩን ዝርዝር እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ መጀመሪያ በድረ ገጽ፣ ቀጥሎ በማሸጊያው ላይ። ስሙን ጻፍ ነው የተባለው፣ መጠኑን አይደለም። ፋብሪካ ሲዘጋ አላየንም። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ዝርዝሩን የደበቀ አምራች “አስረዳኝ” የማለት መብት የለውም፤ ማስረጃውን የያዘው ራሱ ነውና።

ኬሚስቱ፦ እሺ፣ ሁሉን ጽፎ ከሆነስ? “ከአሲድ ጋር አትቀላቅል” ብሎም አስጠንቅቆ ከሆነስ?

የሕግ ባለሙያ፦ ያኔ ሸክሙ ወደ ከሳሹ ይመለሳል።

ጽዳት ላይ የከረመች፦ እዚህ ጋ ከሁለታችሁም እለያለሁ። እኔን ያነቀኝ ጋዝ ከሁለት ኩባንያ ጠርሙሶች የወጣ ነው። ሁለቱም ላይ ማስጠንቀቂያው በደቃቅ ፊደል ነበር፤ አሲዱ ግን ወለሉ ላይ ፈስሶ ነው የጠበቀኝ፣ ጠርሙሱ ከነማስጠንቀቂያው ሌላ ክፍል ነበር። ማንን ልክሰስ?

የሕግ ባለሙያ፦ ሁለቱን ኬሚካሎች ገዝቶ፣ ምንም ሳያሠለጥን፣ ያለ መስኮት ክፍል ውስጥ ያሠራሽን ሰውዬ። ያን የራጅ ወረቀት ግን እንዳትጥዪው፤ ቀኑ አለበት። ስፓይሮሜትሪውን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ ተነሺ።