ኮርማዬ የራሱን ልጆች እንዳያጠቃ (እንዳይሰርር) ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከባቱ አካባቢ የሚኖር አርቢ (ነሐሴ 12)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፉ በኋላ መንጋውን የተረከብኩት እኔ ነኝ። በባቱና በአዳሚ ቱሉ መካከል 14 የቦረና ላሞች፣ 6 ጊደሮች፣ 5 ወይፈኖችና አንድ ኮርማ አሉኝ። የምተዳደረው ወይፈኖቹን አሳድጌ አዳማ ላሉ አድላቢዎች በመሸጥ ነው። ኮርማውን አባቴ ከአምስት ዓመት በፊት ከቦረና ነው ያስመጡት። ሻኛው የቆመ፣ ጸባዩ የለዘበ፣ ልጆቹም ያማሩ ናቸው። ችግሩ ከስድስቱ ጊደሮች አራቱ የእሱ ልጆች መሆናቸው ነው። ሁለቱ ሰሞኑን ኮርማ መፈለግ ጀምረዋል።

ሌላም ችግር አለብኝ። ኮርማው ከላሞቹ ጋር ዓመቱን ሙሉ ስለሚውል ጥጃ የሚወለድበት ወር አይታወቅም። በጥር የተወለደው ጥጃ በሐምሌ ከተወለደው ጋር አይመጣጠንም፤ ነጋዴ ሲመጣ እኩያ የሆኑ ሦስት ወይፈኖች እንኳን አቅርቤ አላውቅም። ሦስት ላሞች ደግሞ ከወለዱ ዓመት አልፏቸው እስካሁን ኮርማ አልፈለጉም። ኮርማውን ልሽጠው? ሌላ ለመግዛት በእጄ ያለው ገንዘብ አይበቃኝም።

መልስ፦ በያቤሎ ከብት ሲያረቡ የኖሩ አዛውንት

ልጄ፣ አባትህን ነፍሳቸውን ይማር። ጥሩ ኮርማ ትተውልሃል፤ አትሽጠው። አባት ልጁን ሲያጠቃ የሚወለደው ጥጃ ትንሽ ይሆናል፣ አስተዳደጉ ይዘገያል፣ በሽታም ቶሎ ይጥለዋል። ይህን መፍራትህ ልክ ነው። ግን ኮርማ ይለወጣል እኮ። ከአንተ መንጋ ጋር ዝምድና የሌለው ኮርማ ያለው ጎረቤት ፈልግና ለሁለት ዓመት ተለዋወጡ፤ በምስክር ፊት ይጻፍ።

የምትቀበለውን ኮርማ ስትመርጥ ቁመናውን ብቻ አትይ። እናቱ ማን ናት? በየዓመቱ ትወልዳለች? በድርቅ ጊዜ ቆማ ዋለች? እኛ ኮርማ የምንመርጠው እናቱን ጠይቀን ነው። ሽንጡና ሻኛው የሚያምር፣ እናቱ ግን በሦስት ዓመት አንዴ የምትወልድ ኮርማ ሴት ልጆቹ እንደ አያታቸው ይሆኑብሃል።

ጠያቂው፦

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈቃደኛ የሆነ ጎረቤት አለኝ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ በሰኔ አንዲት ላም በሰባት ወሯ ጨንግፋለች። ምናልባት ተገፍታ ይሆናል ብዬ ብዙም አልተጨነቅኩም። ይህ ከኮርማ መለወጡ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ አዳማ

በጣም ይያያዛል። እባክዎ ኮርማውን ለማንም አይስጡ፣ የማንንም አይቀበሉ፤ መጀመሪያ ደም ይመርመር። ከአምስት ወር በኋላ የሚያጋጥም ውርጃ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ብሩሴሎሲስን (ከብት የሚያስጨነግፍ፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ) ነው። ላሟ ከጎረቤት መንጋ ከገባች፣ ወይም ውርጃው በጋራ ግጦሽ ላይ ከወደቀ፣ በሽታው አብሮ ይሄዳል። በጥቂ (በስሪያ) የሚተላለፉና ማህፀን ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ሌሎች በሽታዎችም አሉ፤ ኮርማው ምንም ሳይታይበት ከላም ላም ያዳርሳቸዋል። በውሰት የሚዞር ኮርማ ባለበት አካባቢ ላሞች ደጋግመው ኮርማ እየፈለጉ አልይዝ ሲሉ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው።

በወረዳዎ ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሁሉንም ላሞች፣ የጊደሮቹንና የኮርማውን ደም ይውሰድ። እስከዚያ የጨነገፈችውን ላም ለብቻዋ ይሰሯት። የሚጨነግፍ ካለ ሽሉንና የእንግዴ ልጁን ያለ ጓንት አይንኩ፣ ለውሻ አይጣሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት። ወተት ሳይፈላ ማንም እንዳይጠጣ።

ስለ ሦስቱ ላሞች፦ ጥጃቸው ቀኑን ሙሉ ይጠባል? የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይቆጠራል? ሁለቱም ከሆነ ላሟ ወደ ድራት (ኮርማ ወደ መፈለግ) የማትመለስበት ምክንያት ይኸው ነው። ጥጃውን ለይተው ጠዋትና ማታ ብቻ ያስጠቡ፤ ለላሟ ፉርሽካና ፋጉሎ ቀላቅለው በቀን ሁለት ኪሎ ያህል ይጨምሩላት። ይህ ተደርጎም ካልተመለሰች ማህፀኗ በእጅ ይመርመር፤ አርግዛም ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ በሞጆ አቅራቢያ 20 ላሞች ያሏት አርቢ

ወንድሜ፣ የወሊዱን ወር መሰብሰብ የቻልኩት በሦስት ዓመት ነው፤ ግን ይቻላል። ኮርማውን መስከረም 15 አስገባዋለሁ፣ ታኅሣሥ 15 አወጣዋለሁ። ከክረምቱ ሣር በኋላ ላሞቹ ሥጋ የያዙበት ጊዜ ስለሆነ ቶሎ ይይዛሉ። አሁን ወደ ሁለት ወር ለማሳጠር እየሞከርኩ ነው።

እርግዝናው 283 ቀን ያህል ነው፤ የቦረና ላም ጥቂት ቀናት ልትጨምር ትችላለች። በእኛ አቆጣጠር ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከተጠቃችበት ቀን ዘጠኝ ወር ቁጠርና 13 ቀን ጨምር። በመካከል ጳጉሜን ካለች አምስት ቀን (ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ስድስት) ቀንስ። መስከረም 15 የተጠቃች ሰኔ 28 አካባቢ፣ ታኅሣሥ 15 የተጠቃች መስከረም 23 አካባቢ ትወልዳለች። እኔ በደብተር እይዘዋለሁ፤ የላሟ ቁጥር፣ የተጠቃችበት ቀን፣ የኮርማው ስም። ቀድመው የተጠቁት ላሞች የእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት በበጋው ማብቂያ ላይ ስለሚጀምሩ ግን ድርቆሽህን ለመጋቢትና ለሚያዝያ አስቀር። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ረስቼ ከስተው የወለዱ አምስት ላሞች በቀጣዩ ዓመት ባዶ ቀሩብኝ።

ስለ ኮርማው ብቻ ስትጨነቅ ወይፈኖቹን ረስተሃል። አምስት ወይፈን ከእናትና ከእህቶቹ ጋር ይግጣል? ዓመት ከመንፈቅ ካለፈው በኋላ አትመነው። አድላቢዎቹ ያልተኮላሸውን ስለሚመርጡ ማኮላሸቱ ያከስርሃል፤ ስለዚህ በሌላ እረኛ ለያቸው።

መልስ፦ የማዳቀል ቴክኒሽያን

ለአራቱ ጊደሮች በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ይሻላል። የማንም ኮርማ በረትህ አይገባም፣ በሽታም አይመጣም። ዘሩ የቦረና ይሁን፤ ቃሊቲ ባለው ማዕከል የሚዘጋጅ አለ፣ በወረዳህ በኩል አስቀድመህ ጠይቅ። ሥጋው ይብዛ ብለህ የትልልቅ የውጭ ዝርያ ዘር በጊደር ላይ እንዳታስሞክር፤ ጥጃው ዳሌዋን ማለፍ አቅቶት ሁለቱንም ልታጣ ትችላለህ። ክብደቷም ከሙሉ ላም 60 ከመቶ በላይ ይድረስ፤ ላሞችህ 350 ኪሎ ከሆኑ ጊደሯ ከ210 ኪሎ በታች አትጠቃ። የደረት መለኪያ ሜትር ካለህ ግምቱ ይበቃል።

ከባዱ ሥራ ድራቱን ማየት ነው። የቦረና ላም ድራት አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይጀምራል። ንጋት ላይና ከመምሸቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለህ ተመልከት። ሌላዋ ስትወጣባት ሳትሸሽ የቆመችው እሷ ናት። ጠዋት ያየሃትን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያየሃትን በማግስቱ ጠዋት እናዳቅላታለን። ካልያዘች በ21 ቀን አካባቢ ትመለሳለች። በመርፌ በአንድ ጊዜ እንዲደሩ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን መርፌው እርጉዝ ላም ያስጨነግፋል። አስቀድሞ ሳይመረመር አንድም መርፌ አይወጋ።

ጠያቂው፦ (መስከረም 4)

የደሙ ውጤት መጣ። የተገኘባት የጨነገፈችው ላም ብቻ ናት፤ ኮርማው ነጻ ነው። መስከረም 15 ከ13ቱ ላሞችና ዝምድና ከሌላቸው ሁለት ጊደሮች ጋር አስገባዋለሁ። አራቱ ልጆቹ እህቴ ዘንድ ባለው ግቢ ሆነው ይዳቀላሉ። ወይፈኖቹንም ለይቻለሁ። ዶክተር፣ ላሟን ምን ላድርጋት? በተጨማሪም እናቴ ከሐምሌ ጀምሮ ወገቧንና መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ ማታ ማታ ያልባታል። የዚያችን ላም ወተት ጥሬውን ትጠጣ ነበር።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪሟ

ላሟ ለእርባታ አትሸጥ፤ ውጤቷን አሳውቀው በቄራ ትታረድ። የቀሩት ከሁለት ወር በኋላ ዳግም ይመርመሩ፣ ኮርማ መለወጡም እስከዚያ ይቆይ። እናትዎን ግን ነገውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ይህ በሽታ ከወባና ከታይፎይድ ጋር ስለሚምታታ፣ ብሩሴሎሲስ የተገኘባት ላም ወተት መጠጣታቸውን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ፤ የላሟን የምርመራ ወረቀትም ይዘው ይሂዱ።