ክርክር፦ የኋላ ሃብ ስፋት በየጊዜው መቀያየሩ ማንን ጠቀመ?

አወያይ፦ ጥያቄው የመጣው ከብዙዎቻችሁ ብሶት ነው። ሃብ ማለት ቸርኬው መሃል ያለው፣ በአክስል ከፍሬሙ ጋር የሚታሰረው ክፍል ነው። የተራራ ብስክሌት የኋላ ሃብ ስፋቱ 135 ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚያ 142 ሆነ። ከዚያ 148። አሁን 157ም አለ። ይህ እድገት ነው ወይስ ኪስ ማራገፊያ? ዓመት የምትጠቅሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ስድብ የለም።

ሰንሰለት በጣሽ (ዴንቨር)፦ በግልጽ ልናገር፤ ነገሩ ንግድ ነው። 26 ኢንች ጎማ ስንት ዘመን ሠራልን። 27.5 መጣና በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ 26 ከአዳዲስ ብስክሌቶች ላይ ጠፋ። እሺ፣ አሁን ይረጋጋል አልን። በ2014 ብስክሌት ሠሪው ትሬክ እና የብስክሌት ዕቃ ሠሪው ስራም (SRAM) «ቡስት» ብለው 148ን ይዘው ብቅ አሉ። ስንት ጨመሩ? 6 ሚሊ ሜትር። በየጎኑ 3! የፊቱንም ከ100 ወደ 110 አደረጉት። ፍሬም ብቻ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሻጩ «ቸርኬም ያስፈልግሃል፣ ክራንኩም (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ላይሆንህ ይችላል» አለኝ። ፍሬም ልገዛ ሄጄ ሙሉ ሳይክል ልገዛ ነው እንዴ?

ኢንጂነሯ (ሙኒክ)፦ ወንድሜ፣ ብሶትህ ይገባኛል። ግን 3 ሚሊ ሜትሯን አትናቃት። ሽቦዎቹ የሚሰኩባቸውን የሃቡን ሁለት ጆሮዎች እያቸው። ሽቦው ከጆሮው ተነስቶ ወደ ቸርኬው የሚሄደው ዘንበል ብሎ ነው። ጆሮዎቹ በተራራቁ ቁጥር ዘንበል የሚልበት ማዕዘን ይሰፋል፤ ቸርኬው ከጎን ሲገፋ ቶሎ አይታጠፍም። 29 ኢንች ጎማ ላይ ሽቦው ረዘም ስለሚል ማዕዘኑ ይጠባል። በዚያ ላይ ካሴቱ፣ ማለትም የኋላ ማርሾቹ ድርድር፣ የቀኙን ጆሮ ወደ መሃል ገፍቶታል። ቡስት ሁለቱንም ጆሮዎች 3 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ አወጣቸው። ያኔ የተባለው የ29 ቸርኬ በዚህ የ27.5ን ያህል ይጠነክራል ነው። የሰንሰለቱ መስመርም፣ ሰንሰለቱ ከፍሬሙ መሃል የሚርቅበት ማለት ነው፣ ከ49 ወደ 52 ሚሊ ሜትር ወጣ። ለሰፋፊ ጎማ ቦታ የተገኘው በዚህ ነው።

ጋሽ ፔዳል (ሐዋሳ)፦ ልጄ፣ አገላለጽሽ ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ አስረጂኝ። ከ148 በፊት የዳውንሂል (የቁልቁለት ውድድር) ብስክሌቶች 150 እና 157 ነበራቸው። ሰፊ ሃብ ከተፈለገ የተዘጋጀ አለ። አዲስ ቁጥር መፍጠር ለምን አስፈለገ?

ኢንጂነሯ፦ ጋሼ፣ ያኔ የተሰጠው ምክንያት 157 ለተራው ነጂ ይሰፋል የሚል ነበር። ተረከዝ ፍሬሙን ይመታል፣ ፔዳሎቹም ይራራቃሉ ተባለ።

ጋሽ ፔዳል፦ በ2016 ፒቮት የተባለው ኩባንያ ስዊችብሌድ በሚባለው ብስክሌቱ ላይ 157ን «ሱፐር ቡስት» ብሎ አላመጣውም? ተረከዛችን በሁለት ዓመት ጠበበ ማለት ነው?

ሰንሰለት በጣሽ፦ ጋሼ ኑሩልኝ!

ኢንጂነሯ፦ ልዩነት ግን አለ። የድሮው 157 ውጭውን ቢሰፋም ጆሮዎቹን ያን ያህል አላራራቀም። ሱፐር ቡስት አራርቋቸዋል። ያም ሆኖ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ በቀጥታ ወደዚያ ቢሄዱ ኖሮ አንዱ ደረጃ ይቀርልን ነበር። 148 መጥፎ አይደለም። መሃል ላይ የተደነቀረ ነው።

ቸርኬ አቅኚ (አዲስ አበባ)፦ እኔ እጄ ላይ የሚገባውን ላውራ። ሁሉንም ለውጥ አንድ ላይ አትውቀሱ። ከ135 ወደ 142 የተሄደው ለእኔ ጥሩ ነው። የተጨመረው 7 ሚሊ ሜትር በየጎኑ 3.5 እየሆነ ፍሬሙ ላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ጆሮዎቹ አልተነኩም። ብዙ ሃቦች ላይ የዳርና ዳሩን ቆብ ብቻ ቀይረህ የድሮውን ቸርኬ ታስገባለህ። በምትኩ 12 ሚሊ ሜትር ወፍራም አክስል አገኘህ። ጎማውም በየቁልቁለቱ አይላላም።

148 ሌላ ነው። እዚያም ግን ቸርኬህን አትጣል። 142ን 148 ፍሬም ላይ የምናስገባበት መንገድ አለ። 6ቱንም ሚሊ ሜትር በፍሬን ዲስኩ በኩል ትጨምራለህ፣ በግራ ማለት ነው። ዲስኩም እኩል 6 እንዲወጣ ከሥሩ ሮንዴላ ይገባል፣ ቡሎኖቹ በረጅም ይቀየራሉ። በቀኝ በኩል ምንም አትነካም፤ ካሴቱ ራሱ ልክ ቦታው ላይ ይመጣል። አሁን ሃቡ ወደ ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ሸሽቷል። ስለዚህ ቸርኬውን 3 ወደ ግራ መጎተት አለብህ። የቀኝ ሽቦዎችን በሩብ ዙር ታላላለህ፣ የግራዎቹን በሩብ ዙር ታጠብቃለህ፣ እየዞርክ፣ ሳትቸኩል። ስትጨርስ የሁለቱም ጎን ውጥረት ከበፊቱ ይቀራረባል። ቸርኬው ሲወጣ ከገባው ይሻላል። ይህን ሱቅ ውስጥ ማን ነገረህ?

በተቃራኒው 148ን 142 ውስጥ? የለም። ፍሬም በግድ አይከፈትም፣ ካርቦን ከሆነማ ወዮልህ።

የእንጦጦ ልጅ፦ ወንድም ዓለም፣ ሮንዴላውንና ቆቡን ከየት አመጣለሁ? ዴንቨር ያለው አዝዞ በቀናት ይደርሰዋል። እኔ ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈልጌ፣ ሻንጣው ቦታ እንዳለው ለምኜ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከመጣ አለቀልኝ። ለኛ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ማለት ነው።

ቸርኬ አቅኚ፦ ልክ ነህ። ከስፋቱ በላይ እኔን የሚያበሳጨኝ ደግሞ ፍሪሃቡ ነው፣ ካሴቱ የሚሰካበት ክፍል። ድሮ የስራም ተፎካካሪ የሆነው የሺማኖ ኤችጂ የሚባል ቅርጽ ነበር፣ ሁሉም ይገባበታል። በ2012 ስራም ኤክስዲን አመጣ። በ2018 ሺማኖ ማይክሮ ስፕላይንን። ደንበኛዬ ካሴት በሰው አስመጥቶ እንደ ሎተሪ ደስ ብሎት ይመጣል። ካርቶኑን እከፍታለሁ፤ ማይክሮ ስፕላይን። የእሱ ሃብ ኤችጂ። ፊቱን ማየት ነው የሚከብደኝ።

ኢንጂነሯ፦ ለሱም ምክንያት አለው። ኤችጂ ላይ ትንሿ ማርሽ ከ11 ጥርስ በታች አትወርድም፤ 10 ጥርስ ለማስገባት ቅርጹ መቀየር ነበረበት። ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ቅርጽ አለመስማማታቸው ግን ምንም የምህንድስና ምክንያት የለውም። እሱ ፉክክር ነው።

የእንጦጦ ልጅ፦ እንግዲያው ሕግ ይውጣ! የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ስልክ ሁሉ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይደረግ ብሎ የለም? አፕል እንኳ እሺ ብሏል። ሃብን ማን ከለከለ?

ሰንሰለት በጣሽ፦ እኔ ራሴ ተቃዋሚ ሆኜ ይህን አልደግፍም። በ2005 እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቶ ቢሆን ዛሬም በ135 እና በቀጭን አክስል ነበርን። መሐንዲስ ሲያጠፋ ትሰድበዋለህ። ሕግ ሲያጠፋ ማንን ትሰድባለህ?

ኢንጂነሯ፦ ያለ ሕግም ተስማምተው ያውቃሉ። ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ትንሽ መስቀያ ድሮ በየፍሬሙ ይለያይ ነበር። ድንጋይ መትቶ ከተሰበረብህ በሞዴልና በዓመት መፈለግ ነው። በ2019 ስራም ዩዲኤች የሚባል አንድ ወጥ መስቀያ አውጥቶ ፍሬም ሠሪዎች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ዛሬ ተፎካካሪ ብራንዶች ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል።

ሰንሰለት በጣሽ፦ በ2023ስ? የስራም አዲሱ ማርሽ ቀያሪ፣ ትራንስሚሽን፣ መጣ። መስቀያ የለውም፣ በቀጥታ ፍሬሙን ነው የሚይዘው። ግን የዩዲኤች ቦታ ያለው ፍሬም ካልሆነ አይታሰርም። ስጦታ ያልነው ለካ መንገድ ጠረጋ ነበር።

ቸርኬ አቅኚ፦ ይሁና! የሺማኖ ማርሽ ቀያሪም ዩዲኤች መስቀያ ላይ ይታሰራል። እኔ ከቦርሳዬ አንድ መስቀያ አውጥቼ ለብዙ ዓይነት ፍሬም እገጥማለሁ። ያሰቡት ለራሳቸው ቢሆንም እኔ ተጠቅሜያለሁ።

አወያይ፦ ወደ መዝጊያው ነን። ምን ይደረግ የምትሉትን በአጭሩ።

የእንጦጦ ልጅ፦ ፍሬም የሸጠ ኩባንያ ለዚያ ፍሬም የሚሆን ሃብ፣ አክስልና ቆብ ለ10 ዓመት መሸጥ ይገደድ። አዲስ ይፍጠር፣ አሮጌውን ግን አይቅበር።

ሰንሰለት በጣሽ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ኢንጂነሯ፦ እኔም፣ ግን ትንንሽ ሠሪዎችን እንዳይገድል ሃቡን ለሃብ ሠሪው ተዉት። ፍሬም ሠሪው አክስልና መስቀያ ይበቃዋል።

ጋሽ ፔዳል፦ እኔ የምሰጋው ከፊታችን ያለውን ነው። 32 ኢንች ጎማ እየተወራ ነው አይደል? ለሱ ሃቡ ስንት ሊሆን ነው ልጄ?

ኢንጂነሯ፦ ሽቦው ይበልጥ ስለሚረዝም ጆሮዎቹን እናራርቅ የሚል መምጣቱ አይቀርም፣ ጋሼ። 157 ላይ ካቆሙ ተመስገን ነው። አዲስ ቁጥር ይዘው ከመጡ ግን እኔም ከሰንሰለት በጣሽ ጎን ነኝ።

ቸርኬ አቅኚ፦ እስከዚያው 142 ቸርኬ ያላችሁ አምጡልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አለሁ።