ክርክር፦ የሞሱሉ ማንቆርቆሪያ ይመለስ?

አድሚን፦ የዛሬው ጥያቄ፦ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው «የብላካስ ማንቆርቆሪያ» የተባለው በብር ያጌጠ የናስ ዕቃ ወደ ኢራቅ፣ ወደ ሞሱል ይመለስ ወይስ እዛው ይቆይ? ስድብ የለም።

ብር ሠሪው፦ ይመለስ! ዕቃው ራሱ እኮ ይናገራል። ሹጃዕ ኢብን መንዓ የተባለ የሞሱል ሰው ቀረጸው፤ በረጀብ ወር 629 ዓመተ ሂጅራ፣ ሞሱል ላይ ይላል። እ.ኤ.አ. 1232 ማለት ነው። ከዚያ ዘመን የሞሱል ባለሙያ የፈረመበት ዕቃ ብዙ አለ። የተሠራው ሞሱል ነው ብሎ የሚናገር ግን እሱ ብቻ ነው።

ለንደኗ፦ ሄጄ አይቼዋለሁ። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አዳኝ አለ፣ ሙዚቀኛ አለ፣ መስታወት የምታይ እመቤት አለች። ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ግን ወንድሜ፣ ማንም አልዘረፈውም። እ.ኤ.አ. በ1866 ከፈረንሳዩ የብላካስ መስፍን ስብስብ ጋር ተገዛ።

ተማሪው፦ ከሁለት ዓመት በኋላስ? መቅደላ! ያው ሙዚየም ሆልምስ የሚባል ሰውዬውን ከጦሩ ጋር ልኮ የለም?

ለንደኗ፦ እሱን አታደባልቁ ነው የምለው። የመቅደላው ዘረፋ ነው፤ ራሳቸው ጽፈውታል። የተገዛ ዕቃ ጎን ካስቀመጥነው የኛን ክስ ነው የምናቀልለው።

ብር ሠሪው፦ መስፍኑስ ከማን ገዛ? ደረሰኝ አለ?

ለንደኗ፦ ተሰረቀ የሚል ማስረጃስ አለህ?

ተማሪው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 አይሲስ የሞሱል ሙዚየም ሐውልቶችን በመዶሻ ሲያደቅ አይተናል። እዛ ቢሆንስ ኖሮ?

ብር ሠሪው፦ ይሄ ክርክር ሁሌም ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1941 ብሪቲሽ ሙዚየምም በቦምብ ተመቷል። ያኔ ዕቃውን ወደ ሞሱል እንላከው ያለ ነበር? የአባቴ ሙያ ስለሆነ ልንገራችሁ። ናሱን በመሮ ትፈለፍላለህ፣ ስስ ብር ቆርጠህ ትገጥማለህ፣ ጠርዙ ብሩን እንዲነክሰው ቀስ እያልክ ትቀጠቅጣለህ። አንዲት ፊት ለመሥራት ዓይን ያልቃል። የዚያ ከተማ ልጅ ይህን ለማየት ቪዛ ይለምን?

ለንደኗ፦ ሕጉም አለ። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የብሪታንያ ሕግ ሙዚየሙን ከስብስቡ እንዳይሰጥ ያስረዋል። የሚቻለው ማዋስ ነው።

ብር ሠሪው፦ የገዛ ዕቃን መዋስ! እሺ ይሁን። ግን ሹጃዕ ስሙን ናሱ ላይ ቀርጾ እያለ በፈረንሳዩ መስፍን ስም መጥራት ምን ይባላል? ስሙን ለመመለስ ሕግ አይከለክልም።

ለንደኗ፦ በዚህኛው አብሬህ ነኝ።