ክርክር፦ «ለማረም ነው የመታሁት» በካሳ ክስ መከላከያ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ?

ሚዛን፦
የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2038 ሆን ብሎ የሌላውን ሰው አካል ያለ ፈቃዱ የነካ ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ቁስል መኖሩ ግድ አይደለም። ቁጥር 2039 ደግሞ ተከሳሹ የሚያመልጥባቸውን በሮች ይዘረዝራል። ራስን፣ ሌላን ሰው ወይም ንብረትን በተገቢው መጠን መከላከል አንዱ ነው። በፊደል ሐ ሥር ያለው ግን ልጁን፣ በሞግዚትነት የያዘውን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ የገረፈ ሰውንም ነጻ ያወጣል። እኔ ይህ ፊደል ሙሉ በሙሉ ይውጣ ባይ ነኝ። «አገልጋይ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ እዚያ መቀመጡ ራሱ ያሳፍራል።

አንቀጽ ቆጣሪ፦
ስለ አገልጋይ አልከራከርም። ስለ ተማሪም አልከራከርም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(1)(ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል፤ በአንቀጽ 9(1) መሠረት ከዚህ የሚቃረን ሕግ ዋጋ የለውም። ስለ ወላጅ ግን እንነጋገር። ሕግ አውጪው «ትምህርት ቤትና ተቋም» ብሎ ሲወስን ቤትን አልጠቀሰም። ረስቶት ነው ትላለህ? የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 68 የማረምና የመቅጣት መብትን በአግባቡ መጠቀም ወንጀል እንዳልሆነ ይዟል። ፊደል ሐን ብትሰርዝ፣ በ2038 አጻጻፍ፣ አባት ልጁን ክንዱን ይዞ ከእሳት ቢጎትተው ተከሳሽ ሊሆን ነው።

ሚዛን፦
ይህ ማስፈራሪያ ነው፣ ወንድሜ። ከእሳት መጎተትን የ2039 የመጨረሻው ፊደል ይሸፍነዋል፤ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ተገቢ ነው የሚለው ሌላ ምክንያት ካለ ጥፋት የለም። ፊደል ሐ ቢወጣ የሚጠፋው ለቅጣት ሲባል የሚሰነዘረው ዱላ ብቻ ነው።

የችሎት ሰው፦
ሁለታችሁም 2067ን ረስታችኋል። በዚያ ቁጥር በድርጊቱ በሌላው ሰው ላይ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሁሉ፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ይክሳል። ነጻ የሚወጣው ድርጊቱን ሕግ ያዘዘው ከሆነ፣ ሕጋዊ መከላከል ከሆነ፣ ወይም ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት ብቻ የደረሰ ከሆነ ነው። «ለማረም» የሚል እዚያ የለም። ስለዚህ የልጁ ጣት ከተሰበረ፣ ጠበቃው የ2039ን ፊደል ሐ ይዞ ሲከራከር ቢውል፣ ከሳሹ አቤቱታውን በ2067 ላይ ካቆመው መከላከያው ዒላማውን ስቷል። ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ 2038ን ብቻ ጠቅሶ ይገባና ክርክሩ ሁሉ «መጠኑ ተገቢ ነበር ወይ» ወደሚለው ጭቅጭቅ ይወርዳል። የሕክምና ማስረጃ ካለ ሁለቱንም በአማራጭ መጥቀስ ነው።

ለአስገዳጅ ሁኔታም እንደዚሁ ነው፤ ራሱን ወይም ሌላውን ከአደጋ ለማዳን ብሎ አውቆ ሰው የጎዳ በ2066 ከካሳ አያመልጥም። የወንጀል ጠበቆች ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል።

አንቀጽ ቆጣሪ፦
ጥሩ፣ ይህ የእኔን ክርክር ያጠነክረዋል። ጉዳት ካለ 2067 ልጁን ይጠብቀዋል ማለት ነው። ፊደል ሐ የሚሸፍነው ጉዳት የሌለበትን ጥፊ ብቻ ከሆነ፣ መሰረዙ ምን ይጨምራል? የህሊና ጉዳት ካሳ በ2116 ጣሪያው 1,000 ብር ነው። ለ1,000 ብር ብለን አባትና ልጅን ችሎት ፊት እናቁም?

የችሎት ሰው፦
ገንዘቡ ላይ ልክ ነህ፤ ጣሪያው ራሱ ሌላ ክርክር የሚገባው ነው። ግን ካሳ ብቸኛው ዳኝነት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 10 መሠረት መብቱ ያለ ሕግ የተነካበት ሰው ድርጊቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል። ፊደል ሐ እስካለ ድረስ ተከሳሹ «ጥፋት አልሠራሁም፣ ያለ ሕግም አልነካሁም» ይላል፣ ፍርድ ቤቱም የሚያስቆመው ነገር ያጣል። የፊደሉ ዋና ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ በየሳምንቱ የሚደጋገም፣ አጥንት የማይሰብር ዱላ እንዳይቆም ያደርጋል።

ገለልተኛ፦
እስኪሰረዝ ድረስ ግን ያለውን በጥብቅ መያዝ ይቻላል። መከላከያውን ያነሳው ማስረዳትም የእሱ ሸክም ነው። «በመጠኑ ቀጥቼዋለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ልጁ ምን አጠፋ፣ በምን ተመታ፣ ስንት ጊዜ፣ የት ላይ፣ ዕድሜው ስንት ነው የሚለው በመከላከያ መልሱ ይዘርዘር። ከሳሹ የጻፈውን ፍሬ ነገር በዝርዝር ያልካደ እንዳመነ ይቆጠርበታል። በከሳሽ በኩል ደግሞ የሐኪም ወረቀቱ «ተመትቷል» ብቻ ከሆነ ከንቱ ነው፤ የሰንበሩ ርዝመት፣ ቦታውና ቀለሙ፣ የምርመራው ቀን መጻፍ አለበት። ከፊት ለፊትና ከኋላ የተለያየ ዕድሜ ያለው ሰንበር ከተገኘ «አንድ ጊዜ ተቆጥቼ» የሚለው ቃል አብሮ ይወድቃል።

ሚዛን፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ «በወንጀል ነጻ ተብያለሁ» ብሎ ውሳኔውን የሚያያይዝ ተከሳሽ ብዙ ነው። በ2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም። «አስቆጥቶኝ ነው»ም ቢሆን መከላከያ አይሆንም፤ ቢበዛ የተጎጂው ጥፋት ድርሻ አለው ከተባለ በ2098 ካሳውን ይቀንሳል።

አንቀጽ ቆጣሪ፦
እሺ፣ ግን ዋናውን አልመለሳችሁም። የስምንት ዓመት ልጅ ማንን ወክሎ፣ በማን በኩል ይከሳል? ወኪሉ አባቱ ነው፣ ተከሳሹም አባቱ። ይርጋው፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ደግሞ በ2143 ሁለት ዓመት ነው።

የችሎት ሰው፦
የወኪሉና የልጁ ጥቅም ሲጋጭ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ሌላ ሰው እንዲሾም ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው፤ ሌላኛዋ ወላጅ ካለችና በዱላው ካልተባበረች በእሷ በኩልም ይሆናል። ይርጋውን በተመለከተ ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ፣ የሚሠራው ረጅሙ ነው። ደግሞም ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳለትም። አስቸጋሪነቱን አልክድም። ክስ ማቅረብ መክበዱ ግን ዱላውን ሕጋዊ አድርጎ ለማቆየት ምክንያት አይሆንም፤ የሚያስፈልገው የውክልናውን ደንብ ማቅለል ነው።

አንቀጽ ቆጣሪ፦
እንግዲያው «ተማሪ» እና «አገልጋይ» የሚሉት ዛሬውኑ ይውጡ፤ በዚህ ተስማምተናል። «ልጅ» በሚለው ላይ ግን የውክልናው ደንብ ሳይስተካከል መሰረዙን አልደግፍም።

ሚዛን፦
እኔ ደግሞ ደንቡ እስኪስተካከል አልጠብቅም። እስከዚያው ግን ፊደል ሐ የተነሳበት ዳኛ፣ ተማሪ ተመትቶ ከሆነ፣ ጉዳዩን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 84 ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መምራት ይችላል። አንድ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢላክ ብዙ ነገር ይጠራል።